ለሌላ ሰው የለመንኳት

ጡረታ ከወጣሁ አሥራ አንድ ወር ሆነኝ። ሰው ሁሉ «አሁንማ አረፉ» ይለኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት ሥራ ስሠራ እንደዚህ ዓመት ደክሞኝ አያውቅም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጡረተኛ ማለት ሥራ የፈታ ሰው አይደለም፤ የሰፈሩ ሁሉ ተቀጣሪ የሆነ ሰው ነው። ዕድሩ ጸሐፊ አደረገኝ። የውኃ ኮሚቴው ተቆጣጣሪ አደረገኝ። ጎረቤቴ ውቢት ገበያ ስትወርድ ጫጩቶቿን ከጭልፊት እንድጠብቅላት አደራ ትለኛለች። «መቼም እርስዎ ቤት ነዎት» ትላለች፣ ቤት መሆን እንደ ሙያ ተቆጥሮልኝ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ጢሜን እላጫለሁ፤ ጫማዬን እወለውላለሁ፤ ኮቴን እለብሳለሁ። በሩን ከፍቼ ስወጣ የምሄድበት እንደሌለ ትዝ ይለኛል። እንዳልመለስ ደግሞ ጎረቤት አይቶኛል። ስለዚህ ጉዳይ እንዳለው ሰው ኮስተር ብዬ እስከ ዋናው መንገድ እወርዳለሁ፤ ጋሪዎቹንና ባጃጆቹን ትንሽ አይና እመለሳለሁ። አንድ ቀን አንድ ባጃጅ ነጂ «ጋሼ፣ ቢሮ ነው?» ብሎ ቆመልኝ። «አይ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ» ማለት አሳፈረኝና ገባሁ። ቢሮው በር ላይ አወረደኝ፤ እስኪርቅ ጠብቄ በእግሬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ደብረ ማርቆስ የምትሠራው ልጄ ሄቨን ማታ ማታ ትደውላለች። «አባዬ፣ ዛሬ ምን ሠራህ?» ትለኛለች። በሪፖርት መልክ አስረዳታለሁ፤ የተከናወኑ፣ በሂደት ላይ ያሉ፣ ያጋጠሙ ችግሮች። ጭልፊቱ ያጋጠሙ ችግሮች ውስጥ ነው። እሷ ትስቃለች፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እናቷ ካረፈች አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስልኩን ስዘጋ ቤቱ ጭር ይላል።

ሕጉ እስከ ስድሳ ዓመቴ ወንበሬ ላይ እንድቀመጥ ይፈቅድልኝ ነበር። በሃምሳ አምስት ዓመቴ የወጣሁት ታምሜ አይደለም፤ ማንም ገፍቶኝም አይደለም። በአንዲት ሴት ምክንያት ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም።

ታንጉት የመዝገብ ቤታችን ሠራተኛ ናት። በልጅነቷ ተድራ፣ ሳይሆንላት ተፋታ፣ ቡሬ ያለው፣ ድረስ የሚባል ወንድሟ ያስተማራት ሴት ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠራን። ደብዳቤ ለፊርማ ስታመጣልኝ፣ የምፈርምበት ቦታ ላይ በእርሳስ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ታደርግልኛለች። የት እንደሚፈረም አውቃለሁ፤ እንደማውቅም ታውቃለች። ነጥቧን ግን አንድም ቀን አልተወችም፤ እኔም ከነጥቧ ወጥቼ ፈርሜ አላውቅም። ወረቀቱን ስመልስላት ዓይኗን ቀና ታደርግና ታየኛለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ባለጉዳይ የሚለኝን አልሰማውም። ፍቅራችን ይኸው ነበር። ፍቅር መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ አንዳችንም አልተናገርንም።

ምክንያቱም ሚስቴ ካረፈች በኋላም እኔ የቅርብ ኃላፊዋ ነበርኩ። በየስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸሟን የምሞላው እኔ ነኝ። ባገባት «ለካ ያን ሁሉ ነጥብ የሚሰጣት ለዚህ ኖሯል!» ይባላል። ስለዚህ ነገሩን በደንቡ መሠረት ላስኬደው ወሰንኩ፤ መጀመሪያ ጡረታ፣ ቀጥሎ ሽማግሌ።

በስንብቴ ዕለት መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓትና ጋቢ ሸለመኝ። ከእንግዲህ የሚቸኩልበት ለሌለው ሰው ሰዓት! ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ያደረገችልኝ ታንጉት ናት። ጠርዙን ስታስተካክል ጣቷ አንገቴን ነካኝ፤ ቶሎም አላነሳችው። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ ጭብጨባውን ሳይሆን የገዛ ልቤን ነበር የምሰማው።

በማግሥቱ ሽማግሌ መላክ ይገባኝ ነበር። ግን «ለሷ ሲል ነው ወንበሩን የጣለው» ቢባልስ? እንግዲያው ወንበሬ ሙት ዓመቱን እስኪያወጣ ልታገስ አልኩ። አንድ ዓመት፤ ከዚያ ሰው ምን ይላል? ሽማግሌዎቼ የሚናገሩትን ንግግር ግን ቁጭ ብዬ አዘጋጀሁ፤ በየማታው እያሻሻልኩ በቃሌ ያዝኩት። አሥራ አንድ ወር ሆነኝ። አንድ ወር ቀርቶኝ ነበር።

*

አንድ ረቡዕ ጫጩት ስጠብቅ ሐጂ ከድር አንድ ጎልማሳ አስከትለው መጡ። ሐጂ ከድር በገበያው አርባ ዓመት ጨርቅ የሸጡ ሰው ናቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም ሲጣላ የሚያስታርቁት፣ ሲጋባም የሚላኩት እሳቸው ናቸው።

«እንዴት ከረሙ አቶ እንዳለው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ሐጂ። ይኸው ጭልፊት እየጠበቅሁ።»

«ከጭልፊት የሚበልጥ ጉዳይ ይዘንልዎ መጣን።»

ጎልማሳው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ስመኘው ይባላል፤ ቡሬ በርበሬ የሚነግድ፣ ሚስቱ ሞታበት ሁለት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ። ንግግር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት ብለውኛል» አለኝ።

አሥራ አንድ ወር ሙሉ ለንግግሬ የፈለገኝ ሰው አልነበረም። ደረቴ ነፋ አለ። «ምን ገዶኝ!» አልኩ።

ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ አይጠየቅምም። ሐጂ ከድር የሴቲቱን ስም ለሽማግሌ የሚነግሩት መንገድ ከተጀመረ በኋላ ነው። ሳይሆን ቢቀር ወሬው ከሽማግሌዎቹ እንዳያልፍ፣ የሴቲቱም የወንዱም ስም ገበያ እንዳይወጣ ብለው ነው። ለሴቲቱ ቤተ ሰቦችም ሽማግሌ መምጣቱን እንጂ የማን ሽማግሌ መሆኑን አይልኩባቸውም። እሺ ያለ ሽማግሌ ደግሞ ከመንገድ አይመለስም፤ ገደ ቢስነት ነው። ይህን ደንብ አውቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜም አመስግኜዋለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በስመኘው አይሱዙ ተሳፈርን። ሦስተኛው ሽማግሌ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ነበሩ። ከበስተኋላችን የበርበሬ ጆንያ ተጭኗል። የሹፌሩ መስኮት አይዘጋም። ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች፣ በነጭ በነጭ ለብሰን፣ እያነጠስን ማንኩሳን አለፍን። ይማርህ፣ ይማርዎ ስንባባል ሌላ ጨዋታ አላደረስንም።

ከማንኩሳ ወጣ እንዳልን ሐጂ ከድር «ቢስሚላህ» ብለው ስሙን አወጡት።

«እንግዲህ የምንሄደው ድረስ ቤት ነው። የምንለምነውም እኅቱን፣ ታንጉትን ነው። አቶ እንዳለው፣ እርስዎ አብረዋት ሠርተዋል፤ ጠባይዋንም ያውቁታል። ተናጋሪያችን እርስዎ ይሆናሉ።»

ዓይኔ በእንባ ተሞላ። ማቆም አቃተኝ። ጋቢዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

«በርበሬው ነው፤ ዓይንዎን አያሹት» አሉኝ መሪጌታ በርኅራኄ።

«በርበሬው ነው» አልኩ እኔም።

«አውርዱኝ» ማለት እችል ነበር። «ይቺን ሴት እኔ ነኝ የምፈልጋት» ማለት እችል ነበር። መኪናው ውስጥ ከእኔ ሌላ ሐጂ፣ መሪጌታና ሹፌሩ ብቻ ነበሩ፤ ሦስቱ ምን ይሉኛል ብዬ አፌን ያዝኩ። እያንዳንዱ የማልፈው ዛፍ ከእሷ የሚያርቀኝ መሰለኝ፤ የምሄደው ግን ወደ እሷ ነበር።

*

«ቤቶች!» አሉ ሐጂ ከድር ከአጥሩ ውጭ ቆመው።

ድረስ ወጣ። «ምነው አባቶቼ፣ ደጅ ቆማችሁ? ግቡ፣ ዐረፍ በሉ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

እንደ ደንቡ ሦስት ጊዜ ለምኖን፣ ሦስት ጊዜ እምቢ ብለን፣ እግቢው ውስጥ ቆምን። ያን ጊዜ ታንጉት ከጓዳ ብቅ አለች።

ሹሩባ ተሠርታለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ለቢሮ ሹሩባ ተሠርታ አታውቅም። መጀመሪያ ሐጂን፣ ቀጥሎ መሪጌታን፣ ከዚያ እኔን አየች። ጋቢውን አየች። ፊቷ በአንድ ጊዜ የልጅ ፊት ሆነ። ፈገግታዋን ለመደበቅ ጎንበስ አለች፤ አልተደበቀላትም። በሕይወቴ ሰው እኔን አይቶ እንዲያ ሲደሰት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለእኔ የመጣሁ መስሏታል።

ሐጂ ከድር በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። መናገር አለብኝ።

«በቅድሚያ» አልኩ። ሌላ መግቢያ አላውቅም። «ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ብለን ደጃችሁን ጠንተናል። ልጃችን ስመኘው ይባላል።»

ቀና ስትል አየኋት። ፈገግታዋ ወዲያው አልጠፋም። ስሙን ያልሰማች ሰው ትመስል ነበር፤ እኔም ደግሜ እንድናገር የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ያን ጊዜ መቆም ነበረብኝ። ግን አፌ ያለ እኔ ፈቃድ ሄደ። ለስመኘው ያዘጋጀሁት ንግግር አልነበረኝም፤ የነበረኝ አሥራ አንድ ወር በቃሌ የያዝኩት የራሴ ልመና ነው። «እኔ» የሚለውን «እሱ» እያደረግሁ ያንኑ አወረድኩት።

«በቤቱ ውስጥ ሁለተኛ የሚያደርጋት አይደለም። ስትናገር አያቋርጣትም። ዝም ስትልም ለምን ዝም እንዳለች ይገባዋል። እሷ በእርሳስ ነጥብ ካደረገችለት ከዚያ ነጥብ የማይወጣ ሰው ነው። ማልዳ ስትነሳ አብሮ ይነሳል። ብትታመም ይጠብቃታል፤ ብታረጅም ከጎኗ ነው።»

መሪጌታ «እሰይ!» አሉ። ድረስ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ታንጉት «ነጥብ» ስል ብቻ አንዴ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ደም አልነበረም። ዞራ ወደ ጓዳ ገባች።

«ሰምተናል» አለ ድረስ። «እሷም ትልቅ ሰው ናት፤ ትምከርበት። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ተመለሱ።»

ስንመለስ ሐጂና መሪጌታ ንግግሬን ሲያደንቁ ማንኩሳ ደረስን። እንዲህ ያለ ሽማግሌ አገር አላየም ተባልኩ። ኩራት ሊሰማኝ ይገባ ነበር፤ የተሰማኝ ግን የገዛ እጄን የበላሁ ያህል ነው።

*

በሳምንቱ ማክሰኞ ውቢት ፖስታ አቀበለችኝ። «ከመሥሪያ ቤትዎ ሰው ሰጥቶኝ ነው» አለች። የታንጉት ጽሑፍ ነበር። ቁጥር የለውም፤ ቀን የለውም፤ ማኅተም የለውም። ያቺ ሴት ያለ ቁጥር ያወጣችው የመጀመሪያ ደብዳቤ መሆኑን እምላለሁ።

«ጋሽ እንዳለው፣

ይህን ደብዳቤ መዝገብ ላይ አላሰፈርኩትም።

ወንድሜ ሽማግሌ ሊመጣ ነው፣ አቶ እንዳለውም አሉበት አሉ ሲለኝ ሌላውን አልሰማሁትም። ሄጄ ፀጉሬን ተሠራሁ። በአርባ አራት ዓመቴ እንደ ልጃገረድ ተሠራሁ። ያን ጋቢ ለብሰው ሳይዎ፣ ትከሻዎ ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝና፣ እግዚአብሔር ጠብቂ ያለኝ ቀን ዛሬ ነው አልኩ። ከዚያ መናገር ጀመሩ።

ስመኘውን አላውቀውም። እርስዎ የተናገሩለትን ሰውዬ ግን አውቀዋለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ። የእርሳሴን ነጥብ እንኳ ሳይቀር ለሌላ ሰው ሰጡብኝ።

አልተቀየምኩም። ሰው ምን ይላል ብለው ነው። እኔም የዚሁ አገር ሰው ነኝ፤ ይገባኛል። ነገር ግን ሴት ልጅ ከዚህ በላይ መራመድ አትችልም። ስመኘው ክፉ ሰው አይደለም ይላሉ። ብቻዬን ማርጀት ፈርቻለሁ።

የሚመጣው ሐሙስ ቢሮ ነኝ፤ ዓርብ ወደ ቡሬ እሄዳለሁ። መጥተው «ቆዪ» ይበሉኝ። ሌላ ማብራሪያ አልፈልግም። አንድ ዓመት ቢሆን፣ አምስት ዓመት ቢሆን እቆያለሁ። ካላሉኝ እሑድ ለጠየቁኝ መልስ እሰጣለሁ።

ታንጉት»

ደብዳቤውን ደረቴ ላይ አድርጌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ደስታም ነበር። የምወዳት ሴት ትወደኛለች! ከዚያ መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ። «ጉዳዩ፦ መቆየትሽን ስለማሳወቅ» ብዬ ጀመርኩ። ቀደድኩት። «ቁጥር በሌለው ደብዳቤ በጠየቅሽን መሠረት» ብዬ ጀመርኩ። እሱንም ቀደድኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ስጽፍ ኖሬ አንዲት ቃል መጻፍ አቃተኝ።

ረቡዕ ሐጂ ከድር ሱቅ ሄድኩ። ለአንዲት ገበሬ ሴት አቡጀዲ እየለኩ ነበር። ሸኝተዋት ዞር ሲሉ አፌን ሳልከፍት ቀደሙኝ።

«በርበሬው አልነበረም።»

ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ጨርቅ ማጠፍ ያዝኩ።

«እኔ ሰው ጨርቅ ወድዶ የወደደውን ሲተው ስመለከት የኖርኩ ነጋዴ ነኝ። ዓይኑን አውቀዋለሁ። ያን ዕለት መንገድ ላይ መናገር ነበረብዎ። ይሁን፤ ጥፋቱ ስም የደበቅሁት የእኔም ነው። እንግዲህ ይስሙኝ። ለስመኘው እኔ እነግረዋለሁ። ይቆጣል፤ ይበርድለታል። ሌላ ሴት አፈላልግለታለሁ። እርስዎ የሴቲቱን ልብ ይያዙ። ካልያዙ ግን፣ እሑድ ቃል ከወጣ በኋላ እኔም የምችለው ነገር የለም።»

«ሰው ምን ይላል ሐጂ? ሽማግሌ ሆኖ ሄዶ ሙሽራይቱን ለራሱ ወሰደ አይሉም?»

«ይላሉ። ሁለት ገበያ ያሙዎታል። በሦስተኛው ገበያ ሌላ ወሬ ይመጣል።»

ሁለት ገበያ! ዕድሜ ልክን በሁለት ገበያ ሐሜት መግዛት፣ ከዚህ የረከሰ ነገር በዚያ ሱቅ ተሸጦ አያውቅም። ከሱቁ ስወጣ እግሬ መሬት አልነካም ነበር።

*

ሐሙስ ጢሜን ሁለት ጊዜ ተላጨሁ። ባጃጅ ነጂው «ጋሼ፣ ቢሮ ነው?» ሲለኝ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላፍር «አዎ» አልኩት።

ጥበቃው አዲስ ሰው ነው። «ማንን ፈልገው ነው? ጉዳይዎስ?» አለኝ። መዝገብ ቤት አልኩት፤ ጉዳዬን ግን በምን ስም ልንገረው? መታወቂያዬን ይዞ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ወረፋ አስያዘኝ። ያን አግዳሚ ወንበር ያሠራሁት እኔ ነኝ። ባለጉዳይ ብዙ እንዳይቀመጥ መደገፊያ አይኑረው ብዬ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ቃሏን ግን እንደ ጸሎት እደግማት ነበር፤ ቆዪ፣ ቆዪ፣ ቆዪ።

ተጠርቼ ስገባ ታንጉት ከጠረጴዛዋ ኋላ ተቀምጣለች። ብድግ አለች። ዓይኖቿ ጠየቁኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልጠየቁትን ሁሉ በአንዴ ጠየቁኝ። ሁለት እርምጃ ቀርቶኝ ነበር።

«ጋሼ!» የሚል ድምፅ ከጎኔ ተነሳ። ምስክር ነው፤ እኔ የቀጠርኩት፣ አፉ የማያርፍ ወጣት። ሌሎቹም ከየክፍላቸው ወጥተው ከበቡኝ፤ ሳሙኝ። «ጡረታ እንዴት ይዞዎታል? ሽማግሌ ሆነዋል አሉ! ደግሞ የታንጉትን ነገር ሰምተናል፤ ስመኘው ራሱ ለሰው ነግሯል። ድንጋይ የሚያስለቅስ ንግግር አደረጉ አሉ! እኛም ስናገባ እርስዎን ነው የምንልከው!»

ሁሉም ሳቁ። ሁሉም በአክብሮት ያዩኝ ነበር። እዚያ ሕንፃ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሰበሰብኩት ክብር በሙሉ በዚያች ደቂቃ ፊቴ ቆሞ ነበር። ከእሱ ወዲያ ማዶ ታንጉት ነበረች።

«ምን ልታዘዝ ጋሽ እንዳለው?» አለች ቀስ ብላ።

ቃሏ ምላሴ ላይ ነበረች።

«የቅጥር ደብዳቤዬ ግልባጭ ከማኅደሬ ውስጥ ፈልጌ ነበር» አልኩ።

ትንሽ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄደች። የእኔን ማኅደር መፈለግ አላስፈለጋትም። ግልባጩን አወጣች፣ የመረከቢያውን መዝገብ ከፈተች፣ ወደ እኔ አዞረችው። አየሁት። ነጥብ የለውም።

«የት ልፈርም?» አልኳት።

«በፈለጉት ቦታ።» ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ምንም አልነበረም። «ሌላስ ጉዳይ አለዎት?»

«የለኝም።»

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ሥራ የያዝኩበትን ወረቀት ይዤ ወጣሁ። በራሴ ላይ የነበረኝ ንቀት እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

*

እሑድ ቡሬ ተመለስን። ሐጂ ከድር መኪናው ሲነሳ ብቻ አንዴ አይተውኝ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ድረስ በደስታ ተቀበለን። «እኅቴ እሺ ብላለች» አለ። መሪጌታ እልል በሉ አሉ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ስመኘው ደጅ መኪናው ዘንድ ይጠብቅ ነበርና ሲጠሩት እየሮጠ መጥቶ የሐጂን፣ የመሪጌታን፣ የእኔን ጉልበት ሳመ። ደግ ሰው ነው። መጥፎ ሰው ቢሆን ምንኛ በቀለለኝ።

«እንግዲህ የነገር አባት ይመረጥ» አሉ መሪጌታ።

በእኛ አገር ጋብቻ ሙሽራው አንድ፣ ሙሽራይቱ አንድ የነገር አባት ይመርጣሉ። ባልና ሚስት ቢጣሉ አቤት የሚባለው ለእነሱ ነው፤ ቤቱ እንዳይፈርስ ዋሶቹ እነሱ ናቸው። ስመኘው ሐጂ ከድርን መረጠ። ድረስ ለእኅቱ አንድ አጎታቸውን ሊጠራ ሲል ታንጉት ከጓዳ ወጣች።

«የእኔ የነገር አባት አቶ እንዳለው ይሁኑልኝ» አለች።

ሐጂ ከድር ደነገጡ። «ልጄ፣ እሳቸው በወንድ ወገን የመጡ ናቸው። ደንቡ አይደለም። ተይ፣ ሌላ ሰው ጥሪ።»

«ከእሳቸው ይልቅ የሚያውቀኝ ሰው የለም ሐጂ። ደግሞም ሰው ፊት ሲለመኑ እምቢ ማለት አይችሉም።»

በክፋት አልተናገረችውም። ዓይኗን አየሁት፤ ደክሟታል። የቀረ ነገር እንዳይኖር፣ ወደ ኋላ ሄዳ የምትጠብቀው እንዳይኖር፣ በሩን ራሷ መዝጋቷ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ሐጂ ከድር ጋቢዬን በስተኋላ ይዘው ጎተት አደረጉ፤ እምቢ በል ማለታቸው ነው።

«እሺ» አልኩ።

ታንጉት መጥታ በርከክ አለችና ጉልበቴን ሳመች። «አባቴ ሆይ፣ ይመርቁኝ» አለችኝ። መረቅኋት። ድምፄ አልተሰበረም፤ ንግግር አውቃለሁና።

ከዚያ መሪጌታ መሐላውን አስጀመሩኝ። የነገር አባት የሚምለው በሕዝብ ፊት ነው። ይህች ሴት ከባሏ ተጣልታ፣ በቀን ይሁን በሌሊት፣ እያለቀሰች ደጄን ብታንኳኳ፣ እጇን ይዤ፣ አስታርቄ፣ ወደ ባሏ ቤት እመልሳታለሁ፤ በእኔ ቤት አላስቀራትም።

ቃል በቃል እየተከተልኩ፣ አንድም ሳልስት፣ ማልኩ።